በሰሜን ኦንታሪዮ ዓሣ ለማጥመድ የሚሻለው ወራት

ታላቅ ወንድሜ በካናዳ አገር በዊኒፔግ ከተማ ከተቀመጡ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ባለፈው ዓመት «ጕልበቴ ፈጽሞ ሳይደክም ወደ ሰሜኑ ዱር ሄደን ዓሣ እናጥምድ፤ ክረምቱ እንደ ወጣ ናልኝ» ብለው ጻፉልኝ። እኔም እንደ አገራችን ልማድ ክረምት የሚወጣው በመስከረም ነው ብዬ ከፍርድ ቤቱ የዕረፍት ፈቃዴን ለመስከረም አስጻፍሁ። እርሳቸው ግን ክረምት ያሉት የበረዶውን ወራት ኖሮ፥ ለግንቦት መጀመሪያ በሐይቅ ዳር የእንጨት ቤት ተከራይተው ገንዘቡን ከፍለው ነበር። ፈቃዱን በብዙ ልመና አስለውጬ ሄድሁ።

ከዊኒፔግ በኬኖራ በኩል ወደ ምሥራቅ ተጕዘን፥ ከዚያም ወደ ሰሜን ታጥፈን ሬድ ሌክ ከምትባለው ከተማ ደረስን። ይህች ከተማ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1926 ዓ.ም. ወርቅ ፈላጊዎች የጐረፉባት ናት። አውራ ጎዳናው ከዚያ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ወዳሉት ብዙ ሐይቆች የሚኬደው በውሃ ላይ በሚያርፍ አይሮፕላን ነው።

ግንቦት 3 ቀን በደረስን ጊዜ ሐይቁ ገና በረዶ ለብሶ ነበር። በረዶው ሰው እንዳይሄድበት የሳሳ፥ አይሮፕላን በውሃ ላይ እንዳያርፍ ደግሞ የሚከለክል ስለ ሆነ፥ ከተከራየነው ሰባት ቀን አራቱን በሆቴል ተቀምጠን ፈጀነው። ወንድሜ ምንም አልተናገሩም፤ በየማለዳው ግን ወደ ወደቡ ወርደው በምርኵዛቸው የበረዶውን ጠርዝ ይነኩ ነበር። በአራተኛው ሌሊት ብርቱ ነፋስ ተነሥቶ ሰባበረው።

በቀሩት ሦስት ቀኖች ያየነው ግን የሚያስደንቅ ነው። የሐይቅ ትራውት የሚባለው ዓሣ ቀዝቃዛ ውሃ ወዳድ ስለ ሆነ፥ በረዶው እንደ ለቀቀ ከጥልቁ ወጥቶ ወደ ዳር ይቀርባል። ወንድሜ ጕልበታቸውን ስለሚያማቸው ጀልባ ላይ መውጣት አይሆንላቸውም፤ በዓለት ላይ እንደ ተቀመጡ ሁለት ያዙ።

ከዚህ በኋላ ስለ ወራቱ ጠይቄ የተረዳሁትን ልናገር። ዓይኑ በጨለማ የሚያበራው ዎልአይ የተባለው ጣፋጭ ዓሣ በጸደይ ስለሚራባ፥ በዚያ አገር እስከ ሜይ ሦስተኛ ቅዳሜ ድረስ ማጥመድ ክልክል ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ሰኔ ድረስ በፏፏቴዎች ግርጌ ተሰብስቦ ይገኛል፤ ጥርሳሙ ፓይክም ፀሐይ ባሞቀው ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ይውላል። ለማጥመድ ብቻ ከሆነ ከዚህ የሚሻል ወራት የለም። ነገር ግን ጥቁር ዝንብና ትንኝ የሚበረቱት በዚሁ ጊዜ ነው። ሰው በራሱ ላይ መረብ አጥልቆ ካልተቀመጠ በቀር ጆሮውና አንገቱ ይደማል።

በሐምሌ ውሃው ይሞቃል፤ ልጆች ላሉት ሰው መልካም ነው። ትራውቱ ግን ወደ ጥልቁ ስለሚወርድ፥ በጀልባ ወጥቶ ረጅም ገመድ በእርሳስ አክብዶ ማውረድ ያስፈልጋል። ይህ ለወንድሜ አይሆንም።

በመስከረም ዝንቡ ይጠፋል፤ የበርች ዛፍ ቅጠል ቢጫ ይሆናል፤ ሌሊቱም ስለሚረዝም የሰሜን ብርሃን የሚባለው በሰማይ ሲወዛወዝ የሚታይበት ጊዜ ይበዛል። ውሃው ሲበርድ ትራውቱ ዕንቍላሉን ሊጥል ወደ ድንጋያማው ዳር ይመለሳል። ስለዚህም በብዙ ስፍራ በሴፕቴምበር መጨረሻ ማለት በመስከረም 20 ቀን ትራውት ማጥመድ ይዘጋል። ሕጉ በየቀበሌው ስለሚለያይ የክፍለ አገሩ መንግሥት በየዓመቱ የሚያወጣውን ደንብ አስቀድሞ ማንበብ ይገባል። የሰሜን ነፋስ በድንገት ሲነሣ አይሮፕላኑ አንድ ሁለት ቀን ሊዘገይ ይችላል፤ በግንቦትም በመስከረምም ቢሆን ከቀዝቃዛው ውሃ የወደቀ ሰው እጁ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይደነዝዛልና፥ የሚያንሳፍፈውን ሰደርያ ሳይለብሱ በውሃ ዳር መቆም ሞኝነት ነው።

እኔ መስከረምን መረጥሁ። ወንድሜም ከብዙ ክርክር በኋላ ፈቀዱ፤ ግንቦትን የሚወዱት፥ በረዶው ሲሰበር የሰሙት ድምፅ ከልባቸው ስላልጠፋ ነው። ለቤቱ ኪራይ ስጽፍ ከሴፕቴምበር 11 እስከ 18 አልሁ። ለወንድሜ ግን «ክረምቱ እንደ ወጣ እመጣለሁ» ብዬ ጻፍሁና፥ የማን ክረምት እንደ ሆነ ከግርጌው አስረዳሁ።