ሲኒማ ቤትን ያልጠበቀ በዓል

የሳዑዲ ዓረቢያዎቹ ደማምና ኮባር ሲባል፣ ወዳጄ፣ ቀድሞ ትዝ የሚልህ ነዳጁና ባሕሩ ይሆናል። እኔ ግን ስለ ፊልም ላጫውትህ።

የሳዑዲ ፊልም ፌስቲቫል የተወለደው እ.ኤ.አ. በ2008 ደማም ላይ ነው። ያኔ በአገሩ መደበኛ ሲኒማ ቤት አልነበረም፤ ሪያድ ውስጥ የተከፈተው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2018 ነው።

በዓሉ በኋላ የተዛወረው እዚያው ጎረቤት ዳህራን፣ ኢስራ ወደተባለው የባህል ማዕከል ነው። ሕንፃውን ጠጋ ብለህ እየው፤ ግድግዳው ዙሪያውን በብረት ቱቦ ተጠቅልሏል፤ ቱቦው ቢዘረጋ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በ1938 ነዳጅ የተንዠቀዠቀበት ሰባተኛው የደማም ጉድጓድም ከዚያ ሩቅ አይደለም።

የበዓሉ ውሎ ደስ ይላል። አጫጭር ፊልሞች ይታያሉ፤ ሠሪና ተመልካች ፊት ለፊት ይወያያሉ፤ አሸናፊው የወርቅ ዘንባባ ይሸለማል።

ታዲያ እኛስ? ጥበብ አዳራሽ እስኪሠራለት መጠበቅ የለበትም። ደሴ ወይም ደብረ ማርቆስ ያለ ወጣት በስልኩ የቀረጸውን ይዞ፣ የሰፈሩን ሰው ቀበሌ አዳራሽ ሰብስቦ ቢያሳይ፣ በዓሉ ተጀመረ ማለት ነው። የሚያየውና የሚወያየው ሰው ከተገኘ፣ ሌላው በጊዜው ይደርሳል።