ድምፃቸውን የዘጋሁባቸው ልጆች

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 መጋቢት ላይ ኮቪድ የአሜሪካን ቤተ መጻሕፍት በር ሲያዘጋ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ለሚያድጉ የሐበሻ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ በአማርኛ ተረት የምነግርበት ምንጣፍም ተጠቀለለ። ፕሮግራሙ ወደ ዙም ሲዞር ማዘጋጀቱ የእኔ ድርሻ ሆነ። በእኛ አቆጣጠር ለ2013 እንቁጣጣሽ የደገስኩት ዝግጅት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ያጠፋሁትን ጥፋት በወቅቱ ለጠየቁኝ ሰው አድበስብሼ ስላለፍኩት፣ አሁን በግልጽ ልናገረው።

ጭብጡ አደይ አበባ ነበር። ለእሱ ስል ያልሆንኩት የለም። ከጀርባዬ ቢጫ ጨርቅ ሰቀልኩ፤ ሥዕሎቹን በስላይድ ደረደርኩ፤ ወላጆች ቢጫ ወረቀት፣ መቀስና ሙጫ ይዘው እንዲጠብቁ መልእክት ላክሁ። የታተመ መጽሐፍ በስክሪን ለማንበብ የአሳታሚ ፈቃድ ያስፈልጋል። በዚያ ሰሞን ብዙ የአሜሪካ አሳታሚዎች ጊዜያዊ ፈቃድ ሰጥተው ነበር፤ እኔ ግን አያቴ የነገረችኝን የጦጣና የጅብ ተረት መረጥኩ። ጭብጡ እንዳይላላ ብዬም ጦጣዋ ጆሮ ላይ አደይ አበባ ሰካሁ። ሰዓቱን በደቂቃ ከፋፈልኩት፦ ሰላምታ፣ ስለ መስከረም ጥቂት ጨዋታ፣ ተረት፣ የአበባ ሥራ፣ በመጨረሻም አበባየሆሽ።

ከዚያ በፊት በነበሩት ዝግጅቶች ከየቤቱ የማይገባ ድምፅ አልነበረም። አንዱ ቤት ቡና ይወቀጣል፣ አንዱ ቤት ሕፃን ያለቅሳል፣ ልጆቹም እኔን አቋርጠው ስለ ድመታቸው ያወሩኛል። የእንቁጣጣሹ ግን ይቀረጻል፤ ቀረጻውም ለአለቆቼ ይላካል። ስለዚህ የሁሉንም ማይክ ዘጋሁ። ራሳቸው እንዲከፍቱት የሚፈቅደውንም ምልክት አነሳሁ።

ያኔ ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ደኅንነት ነው። በዚያ ዓመት ያልተጋበዙ ሰዎች በየዙሙ እየገቡ ይበጠብጡ ስለነበር ጥንቃቄው ትክክል ይመስል ነበር። የእኛ ግን በምዝገባ ነበር፤ እያንዳንዱን ቤተሰብ ከመጠበቂያው አንድ በአንድ ያስገባሁት እኔው ነኝ። ባዕድ የሚገባበት ቀዳዳ አልነበረም። የፈራሁት የልጆቹን ጫጫታ ነው።

«ተረት ተረት» አልኩ። ዝም። «የላም በረት» ብዬ ራሴው መለስኩና ቀጠልኩ።

በአማርኛ ተረት ነጋሪ ብቻውን አይጀምርም። ሰሚው «የላም በረት» ብሎ በሩን ይከፍትለታል፤ ካልከፈተለት ተረቱ አይነገርም። «እንቆቅልህ» ያለ ሰውም «ምን አውቅልህ» የሚለው ካላገኘ ጨዋታው እዚያው ያበቃል። አበባየሆሽም አውጪና ተቀባይ አለው። ለአንድ ጠዋት የመረጥኩት ሁሉ የልጅ አፍ የሚፈልግ ነበር፤ አፋቸውን ግን አስቀድሜ ዘግቼዋለሁ። ይህን የማያውቅ ሰው ቢያደርገው ይቅር ይባላል። እኔ በአባባ ተስፋዬ ያደግሁ ነኝ። ተስፋዬ ሳህሉ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲነግሩ እኛን የሚሰሙበት ምንም መንገድ አልነበራቸውም፤ ሆኖም ሰላም ሲሉን ከየቤታችን ድምፃችንን ከፍ አድርገን እንመልስላቸው ነበር፤ የሰሙን ይመስለን ነበር። እኔ የምሰማበት መንገድ በእጄ እያለ ነው ያልሰማሁት።

ከስላይዱ ጎን ከተደረደሩት ትንንሽ መስኮቶች በአንዷ አራት ዓመት ቢሆነው የሚሆን ልጅ አለ። ሥዕሉን ወደ ካሜራው ሲያስጠጋ መስኮቷ በሙሉ ቢጫ ሆነች። ወረቀቱን ዝቅ አድርጎ ተናገረ፤ ጠበቀ፤ ደግሞ ተናገረ። አንገቱ ላይ ያለው ሥር እስኪታይ ድረስ እየጮኸ ነበር። አየሁት። አይቼው ወደሚቀጥለው ስላይድ አለፍኩ፤ የአበባ ሥራው ሰዓት ደርሷላ። ኋላ ቀና ስል ወንበሩ ላይ ልጁ የለም።

ከሰዓት በኋላ አያቱ ደወሉ።

«ልጄ፣ ምነው ዝም አልሽው? ሳምንቱን ሙሉ ‹የላም በረት› ሳስለምደው ነው የከረምኩት። ‹አትሰማኝም እንዴ?› ብሎኝ ተነሳ።»

«እማማ፣ የዙም ነገር ነው፤ ድምፅ አላስገባ ብሎ አስቸገረን» አልኳቸው።

ዋሸኋቸው። ከዚያ የባሰው የተከተለው ነው። «እኔ መነካካቱን አላውቅበት ብዬ ይሆናል፤ እናቱ ሥራ ናት፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» አሉኝ። እኔም «ምንም አይደል እማማ» ብዬ ይቅርታቸውን ተቀበልኩ።

ቀረጻው ተወደደልኝ። ጥርት ያለ ነው ተባለ።

ዘግየት ብዬ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 የታተመ የሦስት ተመራማሪዎችን ጥናት አነበብኩ፤ ከሁለት ዓመት እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ያሉ ሕፃናት አዲስ ቃል እንዴት እንደሚለምዱ የፈተሸ ነው። ሕፃናቱ ቃሉን ከፊታቸው ካለ ሰው ለመዱ፤ በቪዲዮ ጥሪ ከሚመልስላቸው ሰውም እኩል ለመዱ፤ ከተቀረጸው ቪዲዮ ግን አልለመዱም። ልዩነቱ ስክሪኑ ላይ አይደለም፤ ያኛው ወገን ለልጁ መመለሱ ላይ ነው። እኔ በቀጥታ እየተላለፍኩ ራሴን ቀረጻ አደረግሁ። የእነዚህ ልጆች አማርኛ ደግሞ ከአያት አፍና ከቅዳሜ ጠዋት ሌላ ብዙ መጠጊያ የለውም።

ዛሬም ሩቅ ላሉ ቤተሰቦች በዙም እነግራለሁ። ጊዜውን አሳጥሬዋለሁ፤ ልጆቹም ጥቂት ናቸው። «ተረት ተረት» ስል ማይኩ ክፍት ነው። መልሱ አብሮ አይመጣም፤ መስመሩ ስለሚዘገይ አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይጀምራል፤ የመጨረሻው «በረት» እስኪደርስ እጠብቃለሁ። ጭብጥ አሁንም እመርጣለሁ፤ ልጅ ስለ ድመቱ ማውራት ከፈለገ ግን ጅቡ ይቆይ።

እማማ ከዚያ ወዲህ አልተመዘገቡም። ቁጥራቸው ስልኬ ውስጥ ስላለ፣ አላገኘኋቸውም የምልበት ሰበብ የለኝም። ይህ ጽሑፍ ከመውጣቱ በፊት እደውልላቸዋለሁ። ስልክዎ ደህና ነበር፣ አጠቃቀሙንም ያውቁበት ነበር፣ የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ የዋሸሁዎትም እኔ ነኝ እላቸዋለሁ። ልጁ ካለና ሊያናግረኝ ከፈቀደ፣ ሥዕሉን አይቼው እንደነበር እነግረዋለሁ።