ሞተሩ ሲነሳ

የነፋስ መውጫን የጠዋት ብርድ የቀመሰ ሰው፣ እዚያ አገር እንኳን ሰው ብረትም በማለዳ መነሳት እንደሚከብደው አይጠፋውም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች አየሩ ስስ ነው። የናፍጣ ሞተር ደግሞ ካንዴላ የለው፣ ክብሪት አያውቅ፤ የሚነሳው ፒስተኑ አየሩን ጨምቆ በሚያግለው ሙቀት ነውና፣ ስስና ቀዝቃዛ አየር ሲያገኝ ያኮርፋል። ስለዚህ የወፍጮ ቤታችን ሞተረኛ ማለዳ ማለዳ መጀመሪያ ውሃ ያፈላ ነበር። የፈላውን ሞተሩ ውስጥ ይጨምርና፣ በናፍጣ የራሰ ጨርቅ ለኩሶ ወደ አየር መሳቢያው አፍ ያስጠጋና፣ ማኖቬላውን ጨብጦ ማዞር ይጀምራል። ቫልቮቹን ከፍተው የሚይዙትን እጀታዎች ይዞ የሚቆመው አንድ ዕድለኛ ልጅ ነው፤ ያ ልጅ ለመሆን ያልተላላክሁት መልእክት የለም። ሁለቱ ትላልቅ ቮላኖዎች ፍጥነት ሲይዙ «ልቀቅ!» የምትል ድምፅ ትመጣለች። ሞተሩ ነጭ ጭሱን አንዴ ትፍ ይልና፣ ቱክ... ቱክ... ቱክ ቱክ ቱክ።

ጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ ድምፁን የሚያጎላ ቆርቆሮ ስለታሰረበት፣ ሞተሩ መነሳቱን ከወንዝ ማዶ ያለ መንደር ሁሉ ይሰማል። ያኔ ነው እናቶች ስልቻቸውን የሚያሸክሙን፣ አህያ የሚጫነው፣ «ወረፋ ያዝልኝ» እየተባባለ ሰው ከየአቅጣጫው የሚወርደው። በመጅ ሲፈጩ ላደሩ እጆች ያ ድምፅ ምን ማለት እንደነበር እናቴ ብትነግራችሁ ይሻላል፤ እኔ የማስታውሰው ሽታውን ነው፤ የናፍጣውን፣ ከድንጋዩ ሥር ሲወጣ የሚያቃጥለውን ዱቄት፣ ለበሶ የተቆላውን ገብስ። በርበሬ የተፈጨ ቀንማ ወፍጮ ቤቱ በሙሉ ያነጥሳል፣ ጤፍ ይዛ ከኋላ የተሰለፈች ሴትም ከባለ ወፍጮው ጋር ትጣላለች። ስንት ወሬ የተፈጨው፣ ስንት ጋብቻ የታጨው እዚያ ወረፋ ላይ ነው።

ሞተሩ ሊስተር ነበር። እንግሊዝ አገር ደርስሊ በምትባል ትንሽ ከተማ በፈረንጆቹ 1929 መሠራት የጀመረ ዘር ነው። ባለ አንድ ፒስተኑ 6 የፈረስ ጉልበት አለው፣ ባለ ሁለቱ ደግሞ 12፤ የእኛው ባለ ሁለት ነበር። በደቂቃ የሚዞረው 650 ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ እንደዛሬዎቹ ፈጣን ሞተሮች ቶሎ አይበላም፤ የተበላውም ቢሆን ይታደሳል። ለእኔ የወፍጮ ቤቱ ዓመት በዓል ግን ሞተሩ ሲሠራ ሳይሆን ሲፈታ ነበር። ሞተረኛው ማዳበሪያ ከረጢት ዘርግቶ እያንዳንዱን ብሎን በመጣበት ቅደም ተከተል ይደረድረዋል፤ እኔም መካኒክ እንድመስል ሆን ብዬ ሸሚዜን ግራሶ እቀባ ነበር። ለዚህ ቤት የሚጠብቀኝን አርጩሜ ተዉት።

ቴስታታው ሥር የሚገባው ጓርኒሲዮን ከመዳብ የተሠራ ነው። ሲቆይ ይደርቃል፣ ትንፋሽም ያሳልፋል፤ ግን ማን ይጥለዋል? ቀጥቃጩ ዘንድ ይወሰድና ከሰል ላይ ፍም እስኪመስል ይግላል፣ ከዚያ ውሃ ውስጥ ጭስ! ሲወጣ እንደ አዲስ ለስልሷል። ቀጥቃጩን ሁሌ ይገርመው ነበር፤ ማረሻና መጥረቢያ ግሎ ውሃ ሲገባ ይጠነክራል፣ ይህ ደግሞ ይለሰልሳል። ቫልቮቹ በዘይትና በሞረድ ዱቄት መቀመጫቸው ላይ ወዲያ ወዲህ እየተሹ ይገጥማሉ። ኖዝሉ በእጅ ሲመታ ናፍጣውን እንደ ጉም እየበተነ «ጭርር» ካላለ አይገባም። እዚህ ላይ ሞተረኛው ዓይኑን ይጨፍናል። አገራችን ጋይንት የቤተልሔም ድጓና የዙር አምባ ዝማሬ መዋሥዕት አገር ነው፤ መሪጌታ ከተማሪው አፍ አንዲት የሳተች ዜማ እንደሚይዝ፣ እሱም ከዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል የላላች ብሎን ይሰማ ነበር።

ሙያውን የለመደው ባሕር ዳር፣ ወደ ጎርጎራ የሚመላለሱ ጀልባዎች ሞተር ላይ ነው። «የጀልባ ሞተር ማቀዝቀዣ በርሜል የለውም» ብሎ ሲነግረን አፋችንን እንከፍት ነበር።

«ታዲያ በምን ይበርዳል ጋሼ?»

«ጣና ላይ ተቀምጦ በርሜል ምን ያደርግለታል? ከሥሩ እየሳበ በጎኑ ይተፋዋል እንጂ።»

የጉማራና የርብ ወንዞች ከእኛው ከጉና ተራራ ተነስተው ጣና እንደሚገቡ የነገረንም እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ጉና ላይ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ለጀልባዎቹ ማቀዝቀዣ የምንልክ ይመስለኝ ነበር። እንግሊዝ አገር አሮጌ የእንጨት ጀልባ እየገዙ፣ ሆዷ ውስጥ የዛገውን ሞተር ሲፈቱና ሲወለውሉ የዕረፍት ቀናቸውን የሚያሳልፉ ሰዎች እንዳሉ ያነበብሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ለእነሱ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ነው፣ የእኛው ግን እንጀራ ነበር።

በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩት የወረታ ወልድያ መንገድ በእኛ በኩል ስለሚያልፍ፣ ከምናለሽ ተራ የተገዛ መለዋወጫ በኤንትሬ ጭነት ላይ ተጭኖ ይመጣል። ወደ ስማዳ ወይም ወደ እስቴ የሚሻገር ሞተር ግን ዕጣው ሌላ ነው፤ ይፈታና ገሚሱ በአህያ፣ ገሚሱ በሰው ትከሻ፣ ቮላኖው በጠርብ ተንጠልጥሎ ገደል ይወርዳል። ሽማግሌዎቹ ይህን ሲያዩ «ይቺማ ምን አላት!» ይሉ ነበር። ልክ ናቸው፤ አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያስቀረጹትን 7 ቶን ገደማ የሚመዝን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በዚሁ በእኛ አገር አቀበትና ቁልቁለት ነው። ሞተረኛችን የስማዳዋ ወገዳ ወይም የእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ተጠርቶ ሲሄድ ሳምንት ይቆያል፤ ሲመለስ አገልግሉ ባዶ ሆኖ አያውቅም፣ የእስቴ ነጭ ጤፍም አይቀርበትም፤ ወፍጮ ላስነሳ ሰው የሚነፈግ ነገር አልነበረም።

በኋላ መብራት ገባ። በኤሌክትሪክ የሚዞረው ወፍጮ ጭስ የለው፣ ማኖቬላ አይፈልግ፤ አንድ ማብሪያ ተጫን፣ በቃ። ሊስተሩም በኪሎ ተመዝኖ ለቁራሌው ተሸጠ፤ ስንት እንዳወጣ መስማትም አልፈለግሁ። አሁን ለበዓል አገር ቤት ስሄድ መብራት መጥፋቱ አይቀርም፤ ያኔ እናቶች የተሞላ ማዳበሪያቸው ላይ ተቀምጠው ባለ ወፍጮውን «ያን የመሰለ ሞተር ለቁራሌው ሸጠህ እኛን ታስጠብቀን!» እያሉ ይወርፉታል፤ እኔም አብሬ እወርፈዋለሁ።