ጅረቱ ሲሞላ

ሚያዝያ ላይ፣ በበልግ ዝናብ ወቅት፣ ከወጣቶቻችን ጋር ካምባ ሰፍረን ነበር። በሰፈርንበት ፀሐይ ነው፤ ጅረቱ ግን ደፍርሶ፣ ግንድ እየገፋ ሞልቷል። ጠዋት ኢያሱ 3ን ያስተማርኩት እኔ፣ “በእምነት እንሻገር!” ብዬ ጫማዬን አወለቅሁ። ልጆቹም ተከተሉኝ።

አንድ አዛውንት ገበሬ ዱላቸውን አጋድመው አስቆሙኝ።

“ልጄ፣ ደጋው ላይ ዘንቧል። ውኃው ገና ይመጣል።”

“አባቴ፣ ከጉልበት አያልፍም እኮ።”

“ጉልበት ያልደረሰ ውኃም ሰው ይጥላል።”

ብዙም ሳይቆይ ልረግጠው የነበረው ድንጋይ ተዋጠ።

እስራኤል ዮርዳኖስን የተሻገረው ታዝዞ ነው፤ እኔን ግን ጌታ አላዘዘኝም፤ የገፋኝ ትዕቢቴ ነበር። ማታ ልጆቹን ይቅርታ ጠየቅሁ።

ወዳጆቼ፣ ዳር ቆሞ መጠበቅም እምነት ነው።