ቀዩ ካሬ ምን እያለ ነው?

ስለ ታርዲግሬድ አንድ ጊዜ ያነበበ ሰው የሚያስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አይሞትም። ቢያደርቁት አይሞትም፣ ቢያቀዘቅዙት አይሞትም፣ በ2007 በፎቶን-ኤም3 መንኮራኩር ወደ ጠፈር ወጥቶ አየር በሌለበት አሥር ቀን ከቆየ በኋላ ውኃ ሲያገኝ የተንቀሳቀሰም አለ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።) "አይሞትም" ለርዕስ ይመቻል፤ ለዜና ግን አይሆንም፤ ምክንያቱም ውኃ ውስጥ እየተራመደ ሳለ እንደማንኛውም ትንሽ እንስሳ ይሞታል። ጉዱ ያለው ሲደርቅ ነው።

ለሳይንስ ዘገባ ኮርስ አንድ የምርምር ጉዳይ መርጣችሁ ጻፉ ስንባል እኔ ይህንን የመረጥኩት አለመሞቱ ገርሞኝ አይደለም። "እንዴት አወቁ?" የሚለው ነው የያዘኝ። ታዲያ መልሱን ስፈልግ የከፈትኩት ጽሑፍ ሁሉ መሐሉ ላይ አንድ ዓይነት ሥዕል አለው፤ በቀይና በአረንጓዴ ትንንሽ ካሬዎች የተሞላ ሰንጠረዥ። መጀመሪያ ሳየው የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ነበር የመሰለኝ። ጸሐፊዎቹ ሥዕሉን አስቀምጠው "ከዚህ እንደምንረዳው" ብለው ያልፋሉ። እኔ ደግሞ ምንም አልተረዳሁም። ለአንባቢ ልነግረው የምፈልገው ነገር እዚያ ጥለት ውስጥ ነው ያለው፤ እሱን ካላነበብኩ የሌላውን ቃል ተቀብዬ ማስተጋባቴ ነው።

ስለ እንስሳው ባጭሩ። ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ስምንት እግር አለው፤ በድንጋይና በዛፍ ግንድ ላይ በሚበቅለው እርጥብ አረንጓዴ ነገር ውስጥ፣ በኩሬ፣ በባሕርም ይኖራል። በ1773 ጎዜ የሚባል ጀርመናዊ "ትንሹ የውኃ ድብ" አለው። ድብ በሌለበት አገር ያደገችው አያቴ በማይክሮስኮፕ ብታየው ድብ የምትለው አይመስለኝም፤ ግን ስሙ ጸንቶ ቀርቷል። ውኃው ሲደርቅ እግሮቹን ወደ ውስጥ ሰብስቦ እንደ በርሜል ይጠቀለላል፤ ሕይወቱም ቆሞ ይጠብቃል።

አሁን ወደ ካሬዎቹ። ጂን ኤክስፕሬሽን የሚሉት ነገር የገባኝ በግቢያችን በር ላይ ባሉት ኮፒ ቤቶች ነው። ላይብረሪ ውስጥ ሪዘርቭ የተደረገ መጽሐፍ አለ፤ ከላይብረሪ አይወጣም፤ ሁሉም ምዕራፍ እዚያው ነው። ያ ዲኤንኤው ነው። ተማሪው የሚፈልገውን ገጽ ብቻ ኮፒ አስደርጎ ይሄዳል። ኮፒው አርኤንኤ ነው። ፈተና ሲደርስ ኮፒ ቤቱ በር ላይ ቆማችሁ የሚወጣውን ወረቀት ብትቆጥሩ፣ መጽሐፉን ሳትከፍቱ ፈተናው ከየትኛው ምዕራፍ እንደሚመጣ ትገምታላችሁ። ተመራማሪዎቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ውኃ ውስጥ ካለው ታርዲግሬድና እየደረቀ ካለው ኮፒዎቹን ሰብስበው ይቆጥራሉ። እንስሳው በጣም ትንሽ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ብዙዎቹን አንድ ላይ ፈጭተው ነው የሚቆጥሩት፤ ስለዚህ ቁጥሩ የብዙዎች አማካይ ነው። ጂኖቹ በብዙ ሺሕ የሚቆጠሩ ናቸው። ይህን ሁሉ ቁጥር ማንም ሰው ተቀምጦ አያነብም፤ ስለዚህ ይቀቡታል። እያንዳንዱ መስመር አንድ ጂን፣ እያንዳንዱ ዓምድ አንድ ሁኔታ፤ ኮፒው ከበዛ ቀይ፣ ካነሰ አረንጓዴ፣ ካልተለወጠ ጥቁር። ይህንን አሣሣል በሰፊው ያስለመደው አይዘንና ባልደረቦቹ በ1998 ያወጡት ሥራ ነው፤ ስሙም ሂትማፕ ይባላል።

አንድ ነገር እዚህ ጋ ልብ በሉ። ታርዲግሬዱ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ መብራት ጠፍቷል ማለት ነው። ኮፒ ማሽኑ አይሠራም። በደረቀው እንስሳ ውስጥ የተገኘው ኮፒ ሁሉ መብራት ከመጥፋቱ በፊት የተነሣ ነው። ስለዚህ ሥዕሉ የሚያሳየው ደርቆ ምን እንደሚሠራ ሳይሆን ለመድረቅ ምን እንዳዘጋጀ ነው። "ደርቆ ሳለ ጂኖቹ ይሠራሉ" ብሎ የሚጽፍ ጋዜጠኛ ሥዕሉን አይቶ ሰዓቱን አላየም።

ይህን ሥዕል ለማንበብ ስል ባዮሎጂ የሚማረውን የዶርም ጓደኛዬን አስረዳኝ አልኩት። ላፕቶፑን ዓይኑ ሥር አድርጌ ብጠይቀው ዝም አለ። "እኔ ይሄን ነገር አልወደውም" ብሎ ወጣ። ማታ ተመልሶ መጥቶ፣ ሌሎቹ ልጆች ከተኙ በኋላ፣ ቀስ ብሎ "ቀዩ የትኛው ነው?" አለኝ። ቀይና አረንጓዴ አይለይም። ልጅ ሆኖ እናቱ ከጓሮ ቀይ ቃሪያ አምጣ ሲሉት የበሰለውን በእጁ እየዳሰሰ ነበር የሚለየው። ክፍል ውስጥ ሂትማፕ በፕሮጀክተር ሲታይ ጎኑ ያለው ልጅ የሚያወራውን ሰምቶ ይጽፋል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ይህ ነው፤ ጄኔቲክስ አይገባኝም ብሎ ደምድሞ ነበር። የሚወደውን ትምህርት ሊተወው፣ የመመረቂያ ጽሑፉንም ወደ ሌላ ዘርፍ ሊያዞረው ወስኖ ነበር። የራሱ ዓይን መሆኑን ያውቃል፤ ግን ሥዕሉን ሌላ አድርጎ መሥራት ይቻላል ብሎ የነገረው ሰው አልነበረም።

እንደሱ ያለ ሰው ጥቂት አይደለም። የሰሜን አውሮፓ ዘር ካላቸው ወንዶች መካከል ከመቶ 8 ገደማ የሚሆኑት ቀይና አረንጓዴን በደንብ አይለዩም። ደግሞስ እኛ ራሳችን? ይህ ቡለቲን በጥቁርና ነጭ ነው የሚባዛው። ያንን ሂትማፕ እዚህ ገጽ ላይ ባወጣው ቀዩም አረንጓዴውም ያው አመድ ነው የሚሆነው፤ በላይም ይሁን በታች የተለወጠው ሁሉ አንድ ይመስላል። በ2015 ቪሪዲስ የሚባል የቀለም መሰላል ተሠርቷል፤ ከጥቁር ሐምራዊ ተነሥቶ በአረንጓዴ አልፎ ቢጫ ላይ ይደርሳል፤ ዋናው ነገር ግን ብርሃኑ ደረጃ በደረጃ መጨመሩ ነው። ኮፒ ቢደረግም ከጨለማ ወደ ብርሃን መሄዱን አይተውም።

ቀለሙ ግን ትንሹ ችግር ነው። ትልቁ ቀለሙ ከምን ጋር ተነጻጽሮ ተሰጠ የሚለው ነው። ብዙ ሂትማፖች እያንዳንዱን መስመር የሚቀቡት ከራሱ አማካይ ጋር አወዳድረው ነው። ከ2 ኮፒ ወደ 8 የወጣ ጂንና ከ2,000 ወደ 8,000 የወጣ ጂን አንድ ዓይነት ቀይ ያገኛሉ። በታርዲግሬድ ነገር ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ሂፕሲቢየስ ኤግዘምፕላሪስ የሚባለው ዝርያ በዝግታ ካልደረቀ አይተርፍም፤ መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል ሮጦ ኮፒ የሚያስነሣ ተማሪ ነው። ራማዞቲየስ ቫሪዮርናተስ የሚባለው ደግሞ በፍጥነት ቢደርቅም ይችላል፤ የመከላከያ ጂኖቹን ኮፒ በደህናውም ጊዜ አከማችቶ ነው የሚኖረው። እንግዲህ ለውጥን ብቻ የሚያሳይ ሂትማፕ ብንሠራ የመጀመሪያው በቀለም ይደምቃል፤ ሁለተኛው ጥቁር ሆኖ ይቀራል። አንባቢው "ይሄኛው ምንም አላደረገም" ይላል። ጎበዙ ግን እሱ ነው! ብዛትን በአግድም፣ ለውጥን በቁም አድርጎ እያንዳንዱን ጂን በአንድ ነጥብ ማሳየት ይቻላል፤ እንደ ጥለት አያምርም እንጂ አይዋሽም።

የነጥብ ሥዕል ትልቅ ዜና ሲገለብጥም ታይቷል። በኅዳር 2015 በአሜሪካ የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ በቻፕል ሂል ያሉ ተመራማሪዎች፣ ከሂፕሲቢየስ ጂኖች 17.5 በመቶው ከባክቴሪያና ከመሳሰሉት ባዕድ ፍጥረታት የመጣ ነው አሉ። ከስድስት አንድ እጅ ማለት ነው፤ ወሬው ዓለምን ዞረ። ብዙም ሳይቆይ የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ቡድን የራሱን ውጤት አወጣ። የዲኤንኤውን ቁርጥራጮች ሁሉ በነጥብ ሣሉት፤ በአንዱ መስመር የፊደሎቹን ስብጥር፣ በሌላው ያ ቁራጭ ስንት ጊዜ እንደተነበበ፣ በቀለም ደግሞ የየትኛው ፍጥረት ዘመድ እንደሚመስል። የእንስሳው ነጥቦች አንድ ደመና ሠሩ፤ ባዕድ የተባሉት ደግሞ ለብቻቸው ሌላ ቦታ ተከማቹ። አብሮ የተፈጨ ባክቴሪያ ነበር። ለእኔ የበለጠ የጣመኝ ሁለተኛው ማስረጃ ነው፤ አርኤንኤውን ሲያዩት ከእነዚያ ባዕድ ጂኖች የሚበዙት ኮፒ አልተነሣባቸውም። ከሌላ ዲፓርትመንት በስህተት የገባ መጽሐፍ ነዋ፤ ማን ኮፒ ያስደርገዋል? የመጀመሪያዎቹ ተመራማሪዎች መረጃቸውን በይፋ ማስቀመጣቸውን አለማመስገን ግን ነውር ነው፤ ያ ባይሆን ማንም ሊያጣራው አይችልም ነበር። ያው የቻፕል ሂል ቤተ ሙከራ በ2024 ሌላ ሥራ አወጣ፤ ሂፕሲቢየስ ጨረር ሲመታው የተበጠሰ ዲኤንኤ የሚጠግኑ ጂኖቹን እጅግ ያበዛል፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ኮፒያቸው በመላ እንስሳው ውስጥ ከሚበዙት ተርታ ይገባል። ይህን ለማለት ለውጡ ብቻ አይበቃም፤ ብዛቱም መታየት አለበት።

እኔና ጓደኛዬ በይፋ ከተቀመጡት ሠንጠረዦች አንዱን አውርደን፣ በነጻ ፕሮግራም፣ ቀለሙን ከጨለማ ወደ ብርሃን አድርገን እንደገና ሣልነው። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶብናል። ሥዕሉ ሲወጣ እሱ ከእኔ ቀድሞ ማንበብ ጀመረ፤ እኔ የመጀመሪያውን ዓምድ ሳልጨርስ እሱ ጥጉ ላይ ደርሷል። ወዲያው ከታች ያለች አንዲት መስመር ላይ ጣቱን አሳረፈ። በደህናው ጊዜ ጨለማ፣ ጨረር ከመታው በኋላ ነጭ ሊሆን ምንም ያልቀረው።

"ይህቺ ምንድን ናት?"

ስሟን ፈለግን። ሠንጠረዡ ላይ ቁጥር አላት፤ በስሟ ቦታ የተጻፈው "ያልታወቀ ፕሮቲን" ነው። ታርዲግሬድ ውስጥ እንዲህ ያሉ ብዙ ናቸው፤ በሌላ እንስሳ ዘመድ ያልተገኘላቸው። በ2024 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ቲዲአር1 ብለው ስም ያወጡለት ጂንም በሦስት የተለያዩ ዝርያዎች በጨረር ጊዜ አብሮ ሲጨምር ታይቶ ነው የተለየው። ጓደኛዬ የመስመሯን ቁጥር ደብተሩ ላይ ጻፈና ላፕቶፑን ወደ ራሱ አዞረው፤ "አንተ ተኛ፣ እኔ ትንሽ ልይ" አለኝ።