ትንሿ ጄታችን

ደሴ ቧንቧ ውሃ በሚገኘው ቤታችን፣ ከመስኮቱ ሥር፣ 29 ሳንቲሜትር ያህል የምትረዝም የፕላስቲክ አይሮፕላን ይዘን ከተቀመጥን ሦስተኛ ሳምንታችን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1955 ዓ.ም. በሥራ ላይ ያዋላት፣ የልደታ ሜዳ ስለ ጠበባት ቦሌ የተሠራላት የቦይንግ 720 ጄት አምሳያ ናት፤ ከዋናዪቱ 144 ጊዜ ታንሳለች። አባታችን በልጅነታቸው ቦሌ ላይ አይተዋታል። ዛሬ ዓይናቸው እየፈዘዘ ስለ ሄደ፣ ብርሃናቸው ሳይጠፋ ለማድረስ ተጣደፍን።

ስለ ተጣደፍንም ቨርኒሹን ጉም በወረደበት ቀን ቀባነው፤ እርጥበት ገባበትና ክንፏ ወተት መሰለ። ጥፋቱ የደሴ ጉም አይደለም፤ የኛ ነው። በለሰለሰ የብርጭቆ ወረቀት፣ ውሃ እያስነካን፣ ሦስት ማታ ሙሉ ፍቀን ፀሐይ ሲወጣ ዳግመኛ ቀባናት።

ትናንት ማታ በእጃቸው አስያዝናቸው። ወደ መብራቱ አስጠግተው አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለሟን ለረዥም ጊዜ ተመለከቱ። ቀጥሎም አፍንጫዋን በጣታቸው ዳሰሱና፣

«አንበሳውስ የታለ?» አሉን።

ዘንግተነው ኖሯል። ከስንዴ ቅንጣት የማይበልጥ አንበሳ ለመሣል፣ ዛሬ ከቢሮ እንደ ተመለስን፣ ጠጕሯ የሳሳውን ብሩሽ አንሥተናል።