የጡረታ ቁጠባው በማን ስም ነው?



በምንኖርበት በአውስትራሊያ፣ በሜልበርን ከተማ፣ እኛ ሐበሻ ሙስሊም እህቶች በተሰበሰብን ቁጥር ስለ ልጆች ትምህርት፣ ስለ ቤት ኪራይና አገር ቤት ስላለው ዘመድ ብዙ እንጨዋወታለን። በየወሩ በባሎቻችን ስም ስለሚጠራቀመው የጡረታ ገንዘብ ግን ሲወራ አይሰማም። እኔና ባለቤቴ በዚህ ጉዳይ የተመካከርነውን ለእህቶችም ለወንድሞችም ይጠቅም እንደሆነ በማለት እነሆ አቅርቤዋለሁ። (ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በዚህ አገር ከ1992 ጀምሮ አሠሪ ከደመወዝ በተጨማሪ ለሠራተኛው የጡረታ መዋጮ የመክፈል ግዴታ አለበት። ሕዝቡ በአጭሩ «ሱፐር» ይለዋል። መዋጮው ከጁላይ 2025 ወዲህ የደመወዝ 12 በመቶ ነው። ገንዘቡ በሠራተኛው ስም በጡረታ ፈንድ ይቀመጣል፤ 60 ዓመት ሞልቶት ሥራ እስኪያቆም ወይም 65 ዓመት እስኪሞላው ድረስ በጥቂት የችግር ምክንያቶች ካልሆነ በቀር አይነካም። ደመወዝ የሌለው ሰው ግን መዋጮ የለውም። እኔ ሁለት ዓመት በአረጋውያን መጦሪያ በጽዳት ሠርቼ፣ ከዚያ በኋላ ሦስት ልጆች ሳሳድግ ዘጠኝ ዓመት ቤት ውያለሁ። ባለቤቴ ሌሊት በአሥር ሰዓት አውቶቡሱን ለመንዳት ሲወጣ ልጆቹን ለማን ልተው ብሎ ተጨንቆ አያውቅም። ይህን የሚመዘግብ ፈንድ የለም።

ሕጉ ግን ከ2006 ጀምሮ አንድ በር ከፍቷል፤ ባል ወይም ሚስት ከአሠሪ የተከፈለላቸውን የዓመቱን መዋጮ ለትዳር ጓደኛቸው ማካፈል ይችላሉ። ለምሳሌ ያህል በዓመት 80,000 ዶላር የሚያገኝ ሰው በ2024–25 የበጀት ዓመት፣ መጣኔው 11.5 በመቶ በነበረበት ጊዜ፣ 9,200 ዶላር ይገባለት ነበር። ከዚህ ላይ 15 በመቶው፣ ማለትም 1,380 ዶላር፣ ለግብር ይሄዳል። የቀረው 7,820 ዶላር ማካፈል የሚቻለው ከፍተኛው መጠን ነው። ማመልከቻው ዓመቱ ካለቀ በኋላ፣ በሚቀጥለው የበጀት ዓመት ውስጥ ለባልየው ፈንድ ይገባል፤ ሁሉም ፈንድ አገልግሎቱን ስለማይሰጥ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ተቀባይዋ ከ60 ዓመት በታች መሆን አለባት፤ ከ60 እስከ 65 ባለው ከሆነች ደግሞ ሥራ አቁማ ጡረታ ያልወጣች መሆን ይኖርባታል። በዚህ ምክንያት ለባልየው የሚቀነስለት ግብር የለም። ትርፉ ምንድን ነው ለሚል ሰው፣ የስም ጉዳይ ነው እላለሁ።

ባለቤቴ ነገሩን ሳነሳለት መጀመሪያ የጠየቀኝ «ይህ ነፈቃ ነው ወይስ ሂባ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነፈቃ የባል ግዴታ ነው፤ ሚስት የራሷ ሀብት ቢኖራትም እንኳ ከእርሱ ላይ አይወርድም። ስለዚህ የዛሬውን ቀለብ «በሱፐርሽ ሰጥቼሻለሁ» ብሎ ማስቀረት አይቻልም፤ እርሱም ይህን አላሰበም። ሂባ ነው ተባብለን ተስማማን። ስጦታ ከሆነ ደግሞ ልክ እንደ መህሬ የራሴ ገንዘብ ነው፤ ዘካውን የምጠይቀውም እኔ ነኝ ማለት ነው። የት እንደሚውልም እኔ እመርጣለሁ፤ በመሆኑም ወለድን እንርቃለን ከሚሉት ፈንዶች በአንዱ በስሜ ሒሳብ ከፍቻለሁ።

ሁሉንም አልተቀበልኩም። እርሱ ቢታመም ወይም አካሉ ቢጎዳ የሚከፍለው ኢንሹራንስ ክፍያው የሚቆረጠው ከእርሱ ሒሳብ ነው፤ ያ ሒሳብ እንዲራቆት አልፈለግሁም። ከየዓመቱ ግማሹ ይበቃል ተባባልን።

አንዲት ጓደኛዬ ይህን ስትሰማ «ምን አደከመሽ? ብትፋቱ ፍርድ ቤት ያካፍላችኋል» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የአገሩ የቤተሰብ ሕግ በፍቺ ጊዜ ሱፐርን እንደ ንብረት ይቆጥረዋል። ነገር ግን ድርሻዬ እንዲታወቅ የግድ ትዳሬ መፍረስ አለበትን? አባቴ ደሴ ውስጥ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ። ከደመወዛቸው መዋጮው ሲቆረጥ እናቴ ስድስት ልጆች ታሳድግ ነበር። ስሟ በጡረታ ወረቀት ላይ የወጣው እርሳቸው ካረፉ በኋላ ነው። የኢትዮጵያ የጡረታ ሕግ ዛሬም ቢሆን ባልና ሚስት በሕይወት ሳሉ መዋጮ የሚካፈሉበት መንገድ የለውም። በየወሩ የሚደርሳትን ገንዘብ አልሐምዱሊላህ ብላ ትቀበላለች። እኔ ግን ስሜ በፍቺ ወይም በሞት ቀን ብቻ እንዲጻፍ አልፈልግም።

የበለጠ ያሳሰበኝ ደግሞ ይህችው እናቴ ናት። ሞት ተራ አይጠብቅም፤ እኔ ብቀድማት፣ ልጆች ስላሉኝ፣ በሸሪዓ ከዕዳና ከቀብር ወጪ ከተረፈው ከስድስት አንዱ የእርሷ ነው። በባለቤቴ ስም ካለው ሱፐር ግን በእኔ ሞት ለእናቴ የሚደርስ ሚራስ የለም። በስሜ ያለው ብቻ ነው የሚወረሰው። እዚህ ላይ እህቶች ልብ እንዲሉልኝ የምሻው፣ በስሜ ከሆነም በኋላ ገንዘቡ በቀጥታ ወደ ወራሾች አይሄድም። ለማን እንደሚከፈል ፈንዱ ራሱ የሚወስንበት ጊዜ አለ፤ ወላጅም ጥገኛነቱ ካልተረጋገጠ ከፈንዱ በቀጥታ ሊከፈለው አይችልም። ስለሆነም ገንዘቡ ለኑዛዜዬ አስፈጻሚ እንዲከፈል የሚያስገድድ ቅጽ ሞልቼ በሁለት ምስክሮች ፊት ፈርሜያለሁ፤ በብዙ ፈንዶች ይህ ቅጽ በየሦስት ዓመቱ መታደስ አለበት። አስፈጻሚውም ድርሻ ድርሻውን እንዲያከፋፍል ኑዛዜው በሸሪዓ አከፋፈል መጻፍ ይኖርበታል።

የማካፈያውን ማመልከቻ ባለቤቴ በእጁ ሞልቶ አስገብቷል። ለኑዛዜው ደግሞ ረመዳን ሲያልፍ ጠበቃ ዘንድ እንሄዳለን ኢንሻአላህ፤ የእርሱም አብሮ ይጻፋል።